ቢራቢሮዋን ከመረጥን ሳማዋን አንንቀል!



ሰሞኑን በቡናው ላይም፣ በሰንበቴውም፣ በገበያው መንገድም የሚነሣ አንድ ወሬ አለ። «ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ የጋራ ምልክት ይኑራቸው፤ ምልክቱም ቢራቢሮ ይሁን» የሚል ሐሳብ ከወጣቶቻችን ቀርቧል። ሐሳቡ ገና ከአፍ ሳይወጣ ገሚሱ ሳቀ፤ ገሚሱ ተቆጣ፤ ገሚሱ ደግሞ «ሥዕሉን ማን ይሣለው? ሰሌዳውስ የት ይተከል?» ወደሚለው ዘሎ ገባ። ነገሩ የሚሳቅበትም፣ የሚዘለልም ስላልሆነ፣ እኛ ይህን ሰሌዳ የምናዘጋጅ ነዋሪዎች አቋማችንን በግልጽ ልናስቀምጥ ወደናል።

አቋማችንም የሚከተለው ነው። ቢራቢሮ ምልክት ትሁን የሚለውን እንደግፋለን። ነገር ግን ቢራቢሮዋን መርጠን ትሏን የምንረግጥ፣ ሳማዋን የምንነቅል፣ የቤተ ክርስቲያኑን ደን የምንመነጥር ከሆነ ምልክቱ ከነጭራሹ ቢቀር ይሻላል። ምልክት ጌጥ አይደለም፤ ዕዳ ነው። ዕዳውን ለመክፈል ያልተዘጋጀ ሰው ደግሞ ፊርማውን ባያኖር ይመረጣል።

«ምነው አንበሳ ጠፋ?» ለሚሉት

መጀመሪያ ለሚስቁት መልስ እንስጥ። «የጀግና አገር ምልክቱ አንበሳ ነው፤ ቢበዛ ዋልያ ነው፤ ቢራቢሮማ የልጅ መጫወቻ ናት፤ ዛሬ ታይታ ነገ የለችም» ይላሉ። ለመሆኑ ይህን የሚለው ሰው የት ቆሞ እንደሚናገር አስቦት ያውቃል? ቤተ ልሔም እኮ የድጓ ቤት ናት! የድጓ ዜማ ስልት ሲቆጠር ቤተ ልሔም፣ አጫብር፣ ቆማ ተብሎ ነው የሚቆጠረው። ተማሪው አኩፋዳውን አንግቦ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ ስንት አገር አቋርጦ ወደዚህ የሚመጣው ድጓውን ሊያስመሰክር ነው። ድጓው የማን ነው? የቅዱስ ያሬድ ነው። ቅዱስ ያሬድን ደግሞ ተስፋ በቆረጠበት ሰዓት ማን መለሰው?

ታሪኩን በዚህ ሰፈር የማያውቅ ሕፃን የለም። በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም፣ ያሬድ ገና ልጅ ሳለ ትምህርት አልገባው ብሎ መምህሩና አጎቱ አባ ጌዴዎን ቢቀጡት ጠፍቶ ሄደ። ማይ ኪራህ በተባለው ስፍራ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሳለ አንዲት ትል ወደ ዛፉ ለመውጣት ስትታገል አየ። ትወጣለች፣ ትወድቃለች። ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ወጣች። ያሬድም «ይህች ትል እንዲህ ከታገለች እኔስ?» ብሎ ወደ መምህሩ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ የሆነውን በየሌሊቱ ማኅሌት የምንሰማው ነው።

ያች ትል ኋላ ቢራቢሮ ሆነች አልሆነች ብለን አንከራከርም። ነገር ግን ዛፍ ላይ የምትወጣ ትል ስታድግ ከምትሆናቸው አንዷ ቢራቢሮ ናት። አንበሳ ለያሬድ አላስተማረም፤ ዋልያም አላስተማረም። ታዲያ በመላ አገሪቱ «ትል ምልክት ብትሆን ያሳፍራል» ለማለት የመጨረሻ መብት ያለው ሰፈር ቢኖር የእኛ ሰፈር ነው። በዜማው እየኮሩ በትሏ ማፈር አይሆንም።

«ዛሬ ታይታ ነገ የለችም» ለሚለውም መልስ አለን። እንቁላሏ ቅጠል ላይ ይጣላል፤ እንቁላሉ ተፈልፍሎ እጭ ይሆናል፤ እጩ በልቶ ሲጠግብ ሙሽሬ ይሆንና ዝም ብሎ ይንጠለጠላል፤ ከሙሽሬው ባለ ክንፍ ትወጣለች። እርሷም ተመልሳ እንቁላሏን ትጥላለች። ሰው ግን የሚያየው ባለ ክንፏን ብቻ ስለሆነ «ዕድሜዋ አጭር ነው» ይላል። ይህ ተማሪውን ማኅሌት ላይ ብቻ አይቶ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል የኖረበትን ዓመታት እንደመርሳት ያለ ነው።

ስለ ተምች ለሚቆጡት

ሁለተኛው ወገን ገበሬው ነው። በእርሱ አንስቅም፤ ቁጣው ምክንያት አለው። «ትል ማለት ተምች ማለት ነው፤ ማሳዬን የበላችብኝን እናት ምልክት አድርጌ ላወድሳት ነው ወይ?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ስለዚህ ተገቢ መልስ ያስፈልገዋል።

የተምች እናት ቢራቢሮ አይደለችም። በሌሊት የምትበር፣ የእሳት እራት ወገን ናት። እ.ኤ.አ. በ2017፣ በእኛ 2009 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ወደ አገራችን ገብቶ በቆሎውን የፈጀው መጤ ተምችም ዘሩ ከአሜሪካ ይሁን እንጂ ያው የእሳት እራት ልጅ ነው። ልዩነቱን ለማወቅ መነጽር አያስፈልግም። ቢራቢሮ በቀን፣ በፀሐይ ትበራለች፤ ስታርፍ አብዛኛውን ጊዜ ክንፏን ወደ ላይ ታጥፋለች፤ የግንባሯ ቀንዶች ጫፋቸው እንደ ዘነዘና ወፈር ያለ ነው። የእሳት እራት ግን አብዛኛዋ በሌሊት ወጥታ መብራት ላይ ትረባረባለች፤ ስታርፍም ክንፏን እንደ ጎጆ ክዳን በጀርባዋ ላይ ትደፋለች።

ሁሉም ቢራቢሮ ጻድቅ ናት አላልንም። ሎሚ ያላችሁ ሰዎች በቅጠሉ ላይ የወፍ ኩስ የመሰለች፣ ስታድግ የምታረነጉድ ትል አይታችሁ ይሆናል፤ እርሷ የቢራቢሮ ልጅ ናት፤ የሎሚውን ቅጠልም ትበላለች። ነገር ግን እኛ የምናቀርባት ቢራቢሮ የገበሬውን ጤፍ፣ ስንዴ፣ በቆሎ አትነካም። የምትበላው ሰው ሁሉ የሚሸሸውን ነው፤ ሳማ ነው!

የቷ ቢራቢሮ?

እዚህ ላይ ከወጣቶቻችንም ጋር ትንሽ እንጣላለን። ከስልክ ላይ ያገኙትን የቢራቢሮ ፎቶ እያሳዩ «ይህቺ ታምራለች» የሚሉ አሉ። አይተናታል፤ ታምራለች፤ ነገር ግን የአሜሪካ ናት። ሞናርክ የሚሏት ናት። በክረምት መግቢያዋ ወደ ሜክሲኮ ተራሮች የምትሄድ፣ ጉናን አይታ የማታውቅ እንግዳ ናት። እንግዳ ይከበራል እንጂ የቤት ስም አይወርስም።

የእኛ አገር ቢራቢሮ አለች። ሳይንስ ቫኔሳ አቢሲኒካ ይላታል፤ የሐበሻዋ ቫኔሳ እንደማለት ነው። ጠቆር ባለ ቡናማ ክንፏ ላይ ብርቱካንማ ቀይ መቀነት የታጠቀች ናት። አገሯ የኢትዮጵያ ደጋና የምሥራቅ አፍሪካ ተራሮች ናቸው። ትሏ የሳማን ወገን ቅጠል ትበላለች። ስሟን እ.ኤ.አ. በ1867 ያወጡላት ፌልደር የተባሉ የኦስትሪያ አባትና ልጅ ናቸው፤ አባትየው ካጄታን ፌልደር በተከታዩ ዓመት የቪየና ከንቲባ ሆኗል። በዚያው በ1867 መገባደጃ ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ያስጎትቱ ነበር። የእኛ ሰው መድፍ ሲጎትት የቢራቢሯችን ስም ቪየና ላይ ወጣ ማለት ነው!

ይህን የምንለው ፈረንጁን ለመውቀስ አይደለም። እርሱ አይቶ ጽፏል፤ እኛ አይተን አልፈናል። ቤተ ክርስቲያናችንንም ቢሆን እንግሊዛዊው ቶማስ ፓኬንሃም እ.ኤ.አ. በ1955 መጥቶ ካየ በኋላ ነው «በክብ ሣር ቤት ውስጥ ጥንታዊ የድንጋይ ቤተ መቅደስ አለ» ተብሎ በውጭው ዓለም የተወራው። እኛ ግን ከጥንት ጀምሮ ስንሳለማት ኖረናል። አሁንም ቢራቢሮዋን ማንም መጥቶ «አላችሁ» እስኪለን አንጠብቅ።

ሰሌዳ ለመስቀል ለቸኮሉት

ሦስተኛው ወገን ከሁሉ የባሰ ነው። አይስቅም፣ አይቆጣም፤ ወዲያው ይስማማል። «በጣም ጥሩ፤ ሥዕሉ በመግቢያው በር ላይ ይሣል፤ ቲተርታው ላይ ይግባ፤ ቲሸርት ይታተም፤ አበቃ» ይላል። የዚህን ሰው ስምምነት ከተቃዋሚው ቁጣ ይልቅ እንፈራዋለን።

ዋልያን እንመልከት። የብሔራዊ እግር ኳስ ቡድናችን «ዋልያዎቹ» ይባላል፤ ስታዲየሙ ስሙን ይጮኻል። ዋልያው ራሱ ግን ከሰሜን ተራሮች በቀር በዓለም ላይ ሌላ አገር የለውም። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 አደጋ ላይ ባሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ ከዚያ መዝገብ የወጣው በ2017 ነው። 21 ዓመት ሙሉ! በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ስሙ ከማሊያው አልወረደም። ስም ግጦሽ አይሆንም፤ ማሊያም ገደል አይጠብቅም።

ስም ብቻ ሲቀር ምን እንደሚመስል ለማየት ደግሞ አሜሪካን እንጠይቅ። በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ አሸዋ ላይ ዘርዜስ ብሉ የምትባል ትንሽ ሰማያዊ ቢራቢሮ ትኖር ነበር። ከተማው አሸዋውን እየሸፈነ ቤት ሲሠራበት በ1940ዎቹ መጀመሪያ ላይ ጨርሳ ጠፋች። በ1971 የቢራቢሮና የነፍሳት ጠባቂ ማኅበር ሲቋቋም ስሟን ወሰደ፤ ዘርዜስ ማኅበር ተባለ። ማኅበሩ ስሟን የወሰደው ለመታሰቢያ ነው፤ መልካምም አደረገ። እኛ ግን ቢራቢሯችን በሕይወት ሳለች ነው የምንነጋገረው። ተዝካሯን ለማውጣት አንሰባሰብ።

ሌሎች እንዴት አደረጉት? ጃፓኖች እ.ኤ.አ. በ1957 አንዲት ትልቅ ሐምራዊ ቢራቢሮ የአገር ምልክት ብለው ሲመርጡ፣ መራጩ የነፍሳት አጥኚዎች ማኅበራቸው ነበር። በሕንድ ማሃራሽትራ የተባለው ክፍለ ግዛት በ2015 ብሉ ሞርሞን የምትባለውን መረጠ፤ ትሏ የሎሚና የብርቱካን ወገን ቅጠል ትበላለች። እርሱን አይተው ኡታራካንድ በ2016፣ ኬረላ በ2018፣ ታሚል ናዱ በ2019 የየራሳቸውን መረጡ። በ2020 ደግሞ የሕንድ የቢራቢሮ ወዳጆች ለመላ አገሪቱ የምትሆነውን ሕዝቡ በድምፁ እንዲጠቁም ሰባት ዕጩ አቅርበው ነበር። እንግዲህ ይህ የልጅ ጨዋታ ነው የሚል ሰው ካለ፣ እነዚህ ሁሉ አገሮች ሲጫወቱ ከርመዋል ማለት ነው!

ከአገራችንም ምሳሌ አናጣም። በኦሮሚያ ክልል ሰንደቅ ዓላማ ላይ ያለው ኦዳ ከሥዕል መጽሐፍ የተቀዳ አይደለም። ከሥሩ ሕዝብ ተቀምጦ ሲመክር፣ ሕግ ሲያወጣ የኖረበት ዛፍ ነው። መጀመሪያ ጥላው ነበረ፤ ቀጥሎ ሥዕሉ መጣ። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። እኛ ሥዕሉን አስቀድመን ጥላውን ካጠፋን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ሆነ ማለት ነው።

ነገሩ ሁሉ ሳማው ጋ ነው

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንግባ። ይህች ቢራቢሮ እንቁላሏን የምትጥለው ሳማ ላይ ነው። ትሏ የሳማውን ቅጠል በሐር ክሯ ጠቅልላ እንደ ጎጆ ትሠራዋለች፤ ከውስጥ ሆና ትበላለች። ሳማ ከሌለ እርሷ የለችም። አበባ ቢሞላ፣ ሰሌዳ ቢተከል፣ ንግግር ቢደረግ ለውጥ አያመጣም።

ሳማን ደግሞ እናውቀዋለን። ሳይንስ አንዱን ዝርያውን ኡርቲካ ሲመንሲስ ብሎ በስሜን ስም ሰይሞታል። በአጥሩ ሥር፣ በካቡ ጥግ፣ ፍግ በተጣለበት ሁሉ ይበቅላል። ይለበልባል፤ ልጆችን ያስለቅሳል። ግን ክረምት ሲጠና፣ ጎታው ሲጎድል፣ የሳማ ወጥ ስንቱን ቤት አሻግሯል! በጾም ስንቱ መናኝ በልቶታል! እናቶቻችን ቅጠሉን እንዴት እንደሚቀጥፉት፣ እንዴት እንደሚያበስሉት ያውቃሉ። የድሃ ቀለብ ስለሆነ ነው የተናቀው እንጂ ከጎመን አያንስም። እንግዲህ ቢራቢሮዋና እኛ ከአንድ ማዕድ የበላን ነን ብንል ማጋነን አይሆንም።

አሁን ግን ምን እናደርጋለን? «ግቢ እናጽዳ» በተባለ ቁጥር መጀመሪያ የሚነቀለው ሳማ ነው። ካቡ ሥር እሳት ይለቀቃል። የቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ሳይቀር ተመንጥሮ ባሕር ዛፍ ይተከልበታል። ባሕር ዛፍ ለቤት ሥራም፣ ለማገዶም እንደሚጠቅም አናጣውም፤ ብዙዎቻችን የምንኖረው በእርሱ ነው። ቢሆንም ሳማ የለመደች ትል ባሕር ዛፍ አትበላም። ወይራው፣ ጽዱ፣ ኮሶው፣ ዋንዛው ያለበትን ቦታ ለባሕር ዛፍ መስጠት ግን ቢራቢሮዋን ብቻ ሳይሆን ወፉንም፣ ምንጩንም፣ ንቡንም ማባረር ነው።

የደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች ከአንድ ሺህ በላይ ናቸው። ሜዳው ሁሉ ታርሶ እነርሱ እንደ ደሴት ቀርተዋል። ብዙዎቻችሁ በ«እመጓ» መጽሐፉ የምታውቁት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ የደን ባለሙያ ነው፤ እነዚህን ደኖች ለዓመታት አጥንቷል። ከአሜሪካዊቷ ሳይንቲስት ማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆኖም ከካህናቱና ከምእመናኑ ጋር መክሮ በአንዳንዶቹ ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲሠራ አድርጓል። የካቡ ድንጋይ ከገበሬው ማሳ የተለቀመ ነው፤ ማሳውም ጸዳ፣ ደኑም ከከብት ተጠበቀ። ይህ ሁሉ የተደረገው በሰሌዳ አይደለም፤ በድንጋይና በትከሻ ነው። ደኑን እስከዛሬ ያቆየው የአባቶች ግዝት ነው፤ ነገ የሚያቆየው ግን ግዝቱም ካቡም፣ የእኛም ልብ ሲጨመርበት ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

ተቃውሞ ብቻ ጽፈን አንቀመጥም። የምንጠይቀውን በዝርዝር እናስቀምጣለን።

አንደኛ፦ ምንም ሰሌዳ ከመሣሉ በፊት፣ አንድም ብር ለቀለም ከመዋጣቱ በፊት፣ በቤተ ክርስቲያኑ ካብ ውጭ በኩል፣ ሕፃናት በማያልፉበት ጥግ፣ ሳማው ሳይነቀል ይተው። በየቤታችንም ከጓሮው አንድ ጥግ ይተውለት። የልጆች መተላለፊያ ይጽዳ፤ ጥጉ ግን አይነካ። ይህ ወጪ የለውም፤ እጅን መሰብሰብ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፦ ካብ ሥር እሳት መልቀቅ ይቅር። እሳቱ እንክርዳዱን ብቻ አይበላም፤ እንቁላሉንም፣ ሙሽሬውንም ይበላል።

ሦስተኛ፦ በደኑ ዙሪያ አዲስ ባሕር ዛፍ አይተከል። የሚተከል ካለ አገር በቀሉ ይተከል።

አራተኛ፦ የትምህርት ቤት ልጆች ከመስከረም ጀምረው የሚያዩትን ቢራቢሮ በደብተር ይጻፉ፤ የታየችበትን ቀን፣ ቦታና ዓይነት ይመዝግቡ። አንድ ዓመት ሲሞላ ምልክት የምትሆነውን የምንመርጠው ከዚያ ደብተር ነው። ከስልክ ፎቶ አይሆንም። የእኛ ዕጩ ባለ ቀይ መቀነቷ ናት፤ ደብተሩ ሌላ ካሳየን ግን ደብተሩን እናምናለን።

አምስተኛ፦ ምርጫው የጥቂት ሽማግሌዎች ጉዳይ ብቻ አይሁን። ሳማውን የምትቀጥፈው እናት፣ ማሳውን የሚጠብቀው ገበሬ፣ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ድጓ የሚቀጽለው ተማሪ ሁሉም ድምፅ ይስጡ። ከሁሉ በላይ ከቢራቢሮዋ ጋር አብረው የሚውሉት እነርሱ ናቸውና።

እነዚህ አምስቱ ከተፈጸሙ በኋላ ሥዕሉን ማንም ይሣለው፤ እኛም ቀለም እናዋጣለን። ካልተፈጸሙ ግን በዚህ ሰሌዳ ላይ የቢራቢሮ ሥዕል አንለጥፍም። ለሌለች ቢራቢሮ ሥዕል መለጠፍ ውሸት ነው፤ በድጓ አገር ደግሞ ውሸት በዜማም ቢባል አያምርም።

ጥቂት ሰው ይህን አንብቦ «በዚህ የኑሮ ውድነት፣ በዚህ ሁሉ ችግር መካከል ስለ ቢራቢሮ ታወራላችሁ?» ይለን ይሆናል። አዎን እናወራለን! ሳማ፣ ካብ፣ ደንና ምንጭ የኑሮ ጉዳይ ናቸው። ደኑ ሲመነጠር ምንጩ ይደርቃል፤ ምንጩ ሲደርቅ ከሁሉ አስቀድማ እንስራ ተሸክማ ሩቅ የምትሄደው የእኛው እናት፣ የእኛው እህት ናት። ቢራቢሮዋ የዚህ ሁሉ ማስታወሻ ናት። እርሷ በምትበርበት ሰፈር ሳማው አለ፣ ካቡ አለ፣ ደኑ አለ ማለት ነው። ከጠፋች ግን ቀጥሎ ምን እንደሚጠፋ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

ትሏ ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ወጣች። እኛም አንድ ስብሰባ ከሸፈ፣ አንድ ሰው ሳቀ ብለን አንቆምም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል፤ የሰፈር ሰው ቢያብር ደግሞ አንድ ጥግ ሳማ ማቆየት አያቅተውም።

በመጪው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በተለመደው ቦታ እንገናኝ። ሐሳቡን የምትቃወሙም ኑ፤ የምትደግፉም ኑ። ሥዕል ይዛችሁ አትምጡ፤ አሳብ ይዛችሁ ኑ።

ሳማችን አይነቀል! ደናችን አይመንጠር! ቢራቢሯችን በገዛ አገሯ ትብረር!

ከሰሌዳው አዘጋጆች